በሥራ ላይ ጉዳት ሲደርስ ካሳ የሚጠየቅባቸው መንገዶች፦ የቱ ለማን ይሻላል?

እጁ በማሽን የተያዘ፣ ከመሰላል ወድቆ ወገቡ የተጎዳ ወይም ለዓመታት አቧራ ስቦ ሳንባው የታመመ ሰው ከየአቅጣጫው ምክር ይጎርፍለታል። አንዱ «ክሰሳቸው» ይለዋል። ሌላው «ኢንሹራንስ አለ፣ ጠብቅ» ይላል። አለቃው ደግሞ «አንተ ነህ ያልተጠነቀቅከው» ይለዋል። ብዙ ሰው መብቱን ሳይጠይቅ የሚቀረው በዚህ በመጨረሻው ንግግር ነው። ንግግሩ ግን በአብዛኞቹ አገሮች ሕግ ውሃ አያነሳም።

ይህን የጻፍኩት ለተጎዳ ሠራተኛ፣ ለቤተሰቡና ሠራተኞቹን በምን እንደሚሸፍን ለሚያስብ አነስተኛ አሠሪ ነው። የቀን ገደቡና ፐርሰንቱ ከአገር አገር ይለያያል። መንገዶቹ ግን በየትም ቢሆን ተቀራራቢ ናቸው። ቁጥር ስጠቅስ የየትኛው አገር እንደሆነ አብሬ እናገራለሁ።

## መጀመሪያ መመዘኛው

መንገዶቹን ከማየታችን በፊት በምን እንደምንለካቸው እንስማማ። እኔ አምስት ነገር እጠይቃለሁ።

1. ጥፋት ማስረዳት ያስፈልጋል? የሌላ ሰው ስህተት መሆኑን ማረጋገጥ ግድ ከሆነ ምስክር፣ ባለሙያና ጠበቃ ይመጣሉ።
2. ገንዘቡ መቼ ይደርሳል? የቤት ኪራይ የፍርድ ቤት ቀጠሮ አይጠብቅም።
3. ምን ምን ይሸፍናል? ሕክምና ብቻ? የቀረ ደመወዝ? ሕመምና የሞራል ጉዳት? የሟች ቤተሰብ?
4. ምን ያስቀራል? አንዱን መንገድ ስንይዝ ሌላው ይዘጋብናል?
5. ከፋዩ ማነው? የመንግሥት ፈንድ፣ ኢንሹራንስ ወይስ ነገ ሊዘጋ የሚችል ድርጅት?

ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያስቡት «ስንት አገኛለሁ» የሚለውን ብቻ ነው። ለኔ ግን አራተኛውና አምስተኛው ጥያቄ ይከብዳሉ። ትልቅ ካሳ ተፈርዶ ከፋይ ከሌለ ፍርዱ ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

## ጥፋት ሳይጠየቅ የሚከፈል የሥራ ጉዳት ካሳ

የጉዳዩ ዋና መንገድ ይህ ነው። ለምን እንደተፈጠረ ማወቅ አጠቃቀሙን ያቀላል።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝና አሜሪካ የተጎዳ ሠራተኛ አሠሪውን ከስሶ ጥፋቱን ማስረዳት ነበረበት። አሠሪው ደግሞ ሦስት ጠንካራ መከላከያ ነበረው፦ «ራሱም አጥፍቷል»፣ «አደጋውን እያወቀ ነው የገባበት»፣ «የጎዳው የሥራ ባልደረባው ነው፣ እኔ አይደለሁም»። ከሦስቱ አንዱ ከተሳካለት ሠራተኛው ባዶ እጁን ይመለሳል። ይህን መጀመሪያ የቀየረችው ጀርመን ናት። እ.ኤ.አ. በ1884 የአደጋ መድን ሕግ አወጣች። ብሪታንያ በ1897 ተከተለች። በአሜሪካ ደግሞ ኒውዮርክ በ1910 ያወጣችውን አስገዳጅ ሕግ የግዛቷ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ማርች 24 ቀን 1911 ሻረው። በማግስቱ እዚያው ኒውዮርክ ከተማ በትራያንግል የልብስ ፋብሪካ እሳት ተነስቶ 146 ሰዎች ሞቱ። በዚያው ዓመት የዊስኮንሲን ሕግ ወጥቶ ጸና፤ ሌሎቹም ግዛቶች ተከተሉ።

የሕጎቹ ሐሳብ አንድ ስምምነት ነው። ሠራተኛው የማንም ጥፋት ሳይጣራ ካሳ ያገኛል። በምላሹ ብዙ ሕጎች አሠሪውን በፍርድ ቤት ከስሶ ሙሉ ካሳ የመጠየቅ መብቱን ያነሱበታል ወይም ያጠቡበታል።

ስለዚህ «ጥፋቱ ያንተ ነው» የሚል መልስ የሚሰጣችሁ ሰው ከ100 ዓመት በፊት በነበረ ሕግ እያወራ ነው። መዘናጋት፣ መቸኮል፣ መድከም ካሳ አያስቀሩም። ካሳ የሚያስቀሩት ነገሮች ጥቂት ናቸው። ሆን ብሎ ራስን መጉዳት አንዱ ነው። ሰክሮ ሥራ መግባትም በብዙ ሕጎች ያስከለክላል። የኢትዮጵያው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው ይላል። ከዚህ ኃላፊነት የሚወጣው ሠራተኛው ሆን ብሎ በራሱ ላይ ባደረሰው ጉዳት ነው። በግልጽ የተሰጠን የደህንነት መመሪያ መጣስና ሰውነትን ወይም አእምሮን መቆጣጠር እስኪያቅት ሰክሮ ሥራ ላይ መገኘት በዚሁ ሥር ይጠቀሳሉ።

ምን ይሸፍናል? በመሠረቱ አራት ነገር፦ ሕክምና፣ ከሥራ በቀረበት ጊዜ የደመወዝ ምትክ፣ ለዘላቂ የአካል ጉዳት ክፍያ፣ ሠራተኛው ከሞተ ለጥገኞቹ ክፍያና የቀብር ወጪ። የደመወዙ ምትክ ግን በአብዛኛው ሙሉ አይደለም። የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1964 ያወጣው ስምምነት ቁጥር 121 ባለትዳርና ሁለት ልጆች ያሉትን ሠራተኛ መለኪያ አድርጎ ቢያንስ የደመወዙ 60 በመቶ እንዲከፈል ይጠይቃል። በአሜሪካ ግዛቶች የተለመደው ሁለት ሦስተኛ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ 3 ወይም 7 ቀናት አይከፈሉም፣ ጉዳቱ ከተራዘመ ግን ወደኋላ ተቆጥረው ይከፈላሉ። በኒውዚላንድ 80 በመቶ ነው። በጀርመን ለመጀመሪያዎቹ 6 ሳምንታት አሠሪው ሙሉ ደመወዝ ይከፍላል። ከዚያ የመድን ተቋሙ ከተጣራው ደመወዝ ሳይበልጥ የጥቅሉን 80 በመቶ ይሰጣል። የኢትዮጵያው አዋጅ ደረጃ አለው፦ ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ለቀጣዮቹ 3 ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ለቀሪዎቹ 6 ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ።

የት የደረሰ ጉዳት? ሰው የሚከራከረው ከፐርሰንቱ ይልቅ እዚህ ላይ ነው። ማሽን ላይ የደረሰ ግልጽ ነው። መንገድ ላይስ? ጀርመን ከቤት ወደ ሥራ የሚደረገውን ቀጥተኛ ጉዞ ትሸፍናለች። በአሜሪካ ተራው የመሄጃና የመመለሻ ጉዞ በመርህ ደረጃ አይሸፈንም። በኢትዮጵያ ድርጅቱ ለሠራተኞቹ ባቀረበው ወይም ለዚሁ በተከራየው ሰርቪስ ከሆነ ይሸፈናል። አሠሪው ልኮት ከግቢ ውጭ ወይም ከሥራ ሰዓት ውጭ የተጎዳም እንደ ሥራ ጉዳት ይቆጠራል። እንግዲህ «ማን ላከኝ፣ በምን መኪና፣ ስንት ሰዓት» የሚለውን በጽሑፍ መያዝ ትልቅ ዋጋ አለው።

ድክመቱ። ለሕመምና ለሞራል ጉዳት ብዙ ጊዜ አይከፍልም። የወደፊት ዕድገትና የተሻለ ደመወዝ ቢቀር አይቆጥረውም። ከሁሉ የከፋው «ተቋራጭ» ወይም «ፍሪላንስ» ተብሎ የተመዘገበ ሰው ከሽፋኑ ውጭ ሊቀር መቻሉ ነው። ስሙ ግን ብቻውን አይወስንም። ሥራውን ማን ያዛል፣ መሣሪያው የማነው፣ ሰዓቱን የሚወስነው ማነው የሚለው ይታያል። ውሉ ላይ «ተቋራጭ» ስለተጻፈ ብቻ ተስፋ አትቁረጡ።

ከፋዩስ? ሦስት ዓይነት አሠራር አለ። አንደኛው የመንግሥት ወይም የማኅበር ፈንድ ነው። የጀርመኑ እንዲህ ነው፤ መዋጮውን የሚከፍለው አሠሪው ብቻ ነው። በአሜሪካም ኦሃዮ፣ ዋሽንግተን፣ ዋዮሚንግና ኖርዝ ዳኮታ ይህን ሽፋን የግል ኢንሹራንስ ድርጅቶች እንዲሸጡ አይፈቅዱም። ሁለተኛው አሠሪው ከግል ድርጅት የሚገዛው ኢንሹራንስ ነው። ሦስተኛው አሠሪው ከራሱ ኪስ የሚከፍልበት ነው። ለሠራተኛ በጣም የሚያሰጋው ይህ ሦስተኛው ነው፤ በተለይ ድርጅቱ ትንሽ ከሆነ። ቴክሳስ ደግሞ ለየት ትላለች። እዚያ የግል አሠሪ ከሥርዓቱ ውጭ መሆን ይችላል። ውጭ ከሆነ ግን ሠራተኛው ሊከሰው ይችላል፣ ያረጁት ሦስቱ መከላከያዎችም አይሠሩለትም።

## አሠሪውን በጥፋት መክሰስ

እዚህ ጨዋታው ይለወጣል። የማሽኑ መከለያ ተነስቶ እንደነበር፣ ሥልጠና እንዳልተሰጠ፣ ቅሬታ ቀርቦ ችላ እንደተባለ ማስረዳት የከሳሹ ሸክም ነው። ከተሳካ ካሳው ሰፊ ነው። የቀረውን ደመወዝ ሙሉ በሙሉ፣ ወደፊት የሚቀረውን ገቢ፣ ሕመምንና የሞራል ጉዳትንም ሊያካትት ይችላል። ግን ጊዜ ይወስዳል፣ ሽንፈትም አለ። ከሳሹ ራሱ ያጠፋው ድርሻም ከካሳው ይቀነሳል። ፍርድ ቤቱ ጉዳቱን 1,000,000 ገምቶ ከሳሹ 30 በመቶ አጥፍቷል ካለ የሚደርሰው 700,000 ነው።

ይህ መንገድ ክፍት መሆኑ ግን በአገሩ ይወሰናል። በአሜሪካ በአብዛኛው ዝግ ነው፤ የሥራ ጉዳት ካሳው ብቸኛው መፍትሔ ተደርጎ ተወስዷል። በኒውዚላንድ ከ1974 ጀምሮ ለአካል ጉዳት ካሳ መክሰስ ቀርቷል፤ ያለ ጥፋት የሚከፍለው የመንግሥት ሥርዓት ተክቶታል። ብሪታንያ ሁለቱንም ትፈቅዳለች። ሠራተኛው ከመንግሥት የአካል ጉዳት አበል ያገኛል፣ አሠሪውንም በጥፋት መክሰስ ይችላል። እዚያ አሠሪ ለዚሁ ኢንሹራንስ እንዲገባ በ1969 የወጣ ሕግ ያስገድደዋል፣ ዝቅተኛው ሽፋንም 5 ሚሊዮን ፓውንድ ነው። ስለዚህ ያሸነፈ ከሳሽ ከፋይ ያገኛል። የኢትዮጵያው አዋጅም ጉዳቱ በአሠሪው ጥፋት የደረሰ ከሆነ በሌላ አግባብ ባለው ሕግ ካሳ መጠየቅን አይከለክልም።

የኔ አስተያየት ይህ ነው። ክስ ለከባድ ዘላቂ ጉዳትና ለጠራ ማስረጃ ይሁን። እግሩ ወለም ብሎት በ3 ሳምንት ለተመለሰ ሰው ልፋቱ አያዋጣም።

## ሦስተኛ ወገንን መጠየቅ

ብዙ ሰው የሚረሳው ይህ ነው። የጎዳችሁ አሠሪያችሁ ላይሆን ይችላል። ጥቅል ልታደርሱ ስትሄዱ የገጨ ሹፌር፣ ጉድለት ያለበት ማሽን የሠራ ፋብሪካ፣ በዚያው ሳይት ላይ የሚሠራ ሌላ ኮንትራክተር ሊሆን ይችላል። እነሱን መክሰስ አሠሪን መክሰስ በተከለከለበት አገር እንኳ ብዙ ጊዜ ይፈቀዳል።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ቀድሞ ካሳ የከፈላችሁ ኢንሹራንስ ወይም አሠሪ ከሦስተኛው ወገን ከምታገኙት ገንዘብ ላይ የከፈለውን ሊያስመልስ ይችላል። ለአንድ ጉዳት ሁለት ጊዜ መካስ የለም የሚል ሐሳብ ነው። ከሹፌሩ ኢንሹራንስ ጋር ከመስማማታችሁ በፊት ለከፋያችሁ አሳውቁ። ሳያውቅ ከፈረማችሁ ቀሪው ክፍያ ሊቆም ይችላል።

## የግል የአደጋ ኢንሹራንስ

ራሳችሁ የምትገዙት ወይም ድርጅቱ በቡድን የሚገዛላችሁ ነው። ጥፋት አይጠይቅም። ከሥራ ውጭ የደረሰንም ሊሸፍን ይችላል። የተወሰነ ገንዘብ በሠንጠረዥ ይከፍላል፦ ለአውራ ጣት ይህን ያህል፣ ለአንድ ዓይን ይህን ያህል። ከሥራ ጉዳት ካሳው ላይ ብዙ ጊዜ ተቀናሽ አይሆንም፣ ተደራቢ ነው።

ችግሩ ጣሪያው ነው። የሕክምና ወጪው ላይ ገደብ አለው፣ በሽታን ብዙ ጊዜ አይነካም፣ አደገኛ የሚላቸውን ሥራዎች ያወጣል። ከፍታ ላይ የምትሠሩ ከሆነ «ከዚህ ሜትር በላይ አይሸፈንም» የሚል አንቀጽ መኖር አለመኖሩን ፈልጉ። አረቦኑ፣ ማለትም ለኢንሹራንሱ የምትከፍሉት ገንዘብ፣ ረክሶ ከታየ መልሱ ያለው ሽፋኑ ውስጥ ከማይካተቱት ነገሮች ዝርዝር ላይ ነው።

## በአጭሩ ሲነጻጸሩ

| መመዘኛ | የሥራ ጉዳት ካሳ | አሠሪን በጥፋት መክሰስ | ሦስተኛ ወገን | የግል አደጋ ኢንሹራንስ |
|---|---|---|---|---|
| ጥፋት ማስረዳት | አያስፈልግም | ያስፈልጋል | ብዙ ጊዜ ያስፈልጋል | አያስፈልግም |
| ፍጥነት | ክርክር ከሌለ ፈጣን | ዘገምተኛ | መካከለኛ ወይም ዘገምተኛ | ሰነዱ ከተሟላ ፈጣን |
| ሕክምና | አዎ | ካሸነፉ | ካሸነፉ | እስከ ጣሪያው |
| የቀረ ደመወዝ | በከፊል | በሙሉ ሊሆን ይችላል | በሙሉ ሊሆን ይችላል | በውሉ መሠረት |
| የሞራል ጉዳት | ብዙ ጊዜ የለም | አለ | አለ | የለም |
| የሥራ በሽታ | አዎ፣ ግን ክርክር ይበዛዋል | አዎ፣ ማስረዳት ይከብዳል | አልፎ አልፎ | ብዙ ጊዜ የለም |
| የሚያስቀረው | በአንዳንድ አገር አሠሪን መክሰስ | ጊዜና ወጪ | የተከፈለው ተመላሽ ሊሆን ይችላል | ምንም |
| የወጪው ባለቤት | አሠሪ | ከሳሽ፣ በኋላ ተሸናፊ | ከሳሽ፣ በኋላ ተሸናፊ | ገዢው |

ከነዚህ ሌላ አጠቃላይ የአካል ጉዳት ጡረታ ያላቸው አገሮች አሉ። እሱ የሚመጣው ሌላው ሁሉ ካለቀ በኋላ ነውና እዚህ አልዘረዝረውም። ጉዳቱ ከሥራ ጋር መያያዙን ማስረዳት ላልተቻለው ሰው ግን መጠጊያ ነው።

## በአንድ ጊዜ ወይስ በየወሩ?

ዘላቂ ጉዳት ላይ ትልቁ ውሳኔ ይህ ነው። በሁለት ሕጎች አሠራር እናስላው። ወርኃዊ ደመወዙ 10,000 የሆነና 40 በመቶ ዘላቂ ጉዳት የተወሰነለት ሰው አለ እንበል።

በኢትዮጵያው አዋጅ የአንድ ጊዜ ክፍያ ስሌት፣ ለሙሉ ዘላቂ ጉዳት የዓመት ደመወዝ 5 እጥፍ ነው፤ ለከፊል ጉዳት በዚያው መጠን ይቀነሳል። የዓመት ደመወዙ 120,000፣ በ5 ሲባዛ 600,000፣ 40 በመቶው 240,000 ይሆናል። በጀርመኑ አሠራር ሙሉ ጡረታ የዓመት ገቢ ሁለት ሦስተኛ ነው፣ ማለትም 80,000። 40 በመቶው በዓመት 32,000 ይመጣል። የአንድ ጊዜው 240,000 የሰባት ዓመት ተኩል ጡረታ ብቻ ነው ማለት ነው። አገሮቹ ጉዳቱን የሚለኩበት መንገድ ስለሚለያይ ይህን እንደ ስሌት ማሳያ ብቻ ውሰዱት።

ሰውየው የ30 ዓመት ከሆነ በየወሩ የሚመጣው ገንዘብ ይበልጥበታል። ገንዘቡ ለኑሮ ውድነት የሚስተካከል ከሆነ ደግሞ በጣም ይበልጣል። የማይስተካከል ከሆነና የዋጋ ንረቱ ከፍተኛ ከሆነ ዛሬ የሚያኖር አበል ከ10 ዓመት በኋላ የትራንስፖርት እንኳ ላይሆን ይችላል። ከፋዩ የማይታመን ድርጅት ከሆነም በአንድ ጊዜ መቀበል ይሻላል። ዕዳ ያለበት ወይም በገንዘቡ አዲስ ሥራ ለመጀመር የተዘጋጀ ሰውም እንዲሁ።

ምርጫው የእናንተ ከሆነ አንድ ነገር አጥብቄ እለምናችኋለሁ። ሐኪሙ ጉዳቱ ከዚህ በላይ አይሻሻልም ሳይል የመጨረሻ ስምምነት አትፈርሙ። በአራተኛው ወር 15 በመቶ የተባለ የወገብ ጉዳት በዓመቱ ቀዶ ሕክምና ሊፈልግ ይችላል። «ከዚህ በኋላ ምንም አልጠይቅም» የሚል ወረቀት ከተፈረመ የዚያ ቀዶ ሕክምና ዋጋ ከኪሳችሁ ነው። የወደፊት ሕክምና ክፍት ሆኖ የገንዘቡ ክፍል ብቻ የሚዘጋበት ስምምነት በአንዳንድ ቦታ አለ። ጠይቁ።

## እንግዲህ ለማን የቱ?

ቀላል ጉዳት፣ በሳምንታት የሚድን። የሥራ ጉዳት ካሳው ይበቃል። ግን ቀላል ነው ብላችሁ ሳታስመዘግቡ አትቅሩ። የዛሬ የጉልበት ሕመም ነገ ሊብስ ይችላል፣ ያልተመዘገበ አደጋ ደግሞ እንዳልደረሰ ይቆጠራል።

ከባድ ዘላቂ ጉዳት። ካሳውን ወዲያው ጀምሩ። ጎን ለጎን ሦስተኛ ወገን እንዳለና አሠሪውን መክሰስ እንደሚቻል ጠበቃ ይመርምር። የማሽኑን ፎቶ፣ የምስክሮችን ስም፣ የቀደሙ ቅሬታዎችን በመጀመሪያው ሳምንት ሰብስቡ። ማሽኑ ይጠገናል፣ ባልደረቦች ሥራ ይለቃሉ።

ቀስ ብሎ የመጣ በሽታ። መስማት መቀነስ፣ የሳንባ በሽታ፣ የኬሚካል መመረዝ። እዚህ ክርክሩ «ከሥራው ነው ወይስ ከሌላ?» የሚለው ነው። ብዙ አገሮች ዝርዝር አላቸው። በሽታው ዝርዝሩ ውስጥ ካለና ሥራችሁም የተጠቀሰው ዓይነት ከሆነ ማስረዳቱ ይቀላል። የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ያሻሻለው ዝርዝር የአእምሮ ጤና ችግሮችንም ይዟል። ለሐኪሙ የሠራችሁበትን ቦታና የነካችሁትን ነገር በዓመት ከፋፍላችሁ ንገሩት፣ ካርዱ ላይም ይጻፍ።

የሟች ቤተሰብ። ቤተሰብ በሐዘን ላይ ሆኖ ገደቡ ያልፋል። ከዘመድ አንድ ሰው ይህን ብቻ ይያዝ። የጋብቻና የልደት ማስረጃ፣ የሞት ምክንያት የሚገልጽ የሐኪም ወረቀት፣ የመጨረሻ የደመወዝ ወረቀት ቀድመው ይሰብሰቡ። ሟች ይጦራቸው የነበሩ ወላጆችም በብዙ ሕጎች ጥገኞች ናቸው፣ አይረሱ።

በግሉ የሚሠራ ወይም ፍሪላንስ። የግል አደጋ ኢንሹራንስ ዋና ሽፋናችሁ ነው። በአንዳንድ አገር ራሱን የቀጠረ ሰው በፈቃዱ ወደ ሥራ ጉዳት መድን መግባት ይችላል። ካለ ያንን አስቀድሙ፣ ሕክምናው ላይ ያለው ሽፋን ብዙውን ጊዜ ይሰፋል።

ለሁሉም የሚሆን አንድ ነገር። አደጋው በደረሰበት ቀን በጽሑፍ አሳውቁ። በኒውዮርክ ለአሠሪ ማሳወቂያው 30 ቀን፣ ጥያቄ ማቅረቢያው 2 ዓመት ነው። በብሪታንያ ለክስ በመርህ ደረጃ 3 ዓመት አለ። የእናንተ አገር ቀን ስንት እንደሆነ ዛሬውኑ አረጋግጡ። ለአለቃ በቃል መንገር አይበቃም። አጭር የስልክ መልእክት እንኳ ቀንና ሰዓት ስላለው ይጠቅማል። ለሐኪሙም «ሥራ ላይ ነው የተጎዳሁት» በሉ። የመጀመሪያው የሕክምና ካርድ «ቤት ወደቀ» ካለ በኋላ ማስተካከሉ መከራ ነው።

አነስተኛ አሠሪ። 5 ሠራተኛ ላለው ሰው ከኪስ መክፈል ርካሽ ይመስላል። አንድ ከባድ ጉዳት ግን የዓመታት ትርፍ ሊወስድ ይችላል። ሕጉ የሚያስገድደውን ኢንሹራንስ ወይም ፈንድ መጀመሪያ ግቡ። አረቦኑ በሁለት ነገር ይወሰናል፦ በደመወዙ ድምርና በሥራው አደገኛነት። ስለዚህ ጽሕፈት ቤት የምትሠራውን ሒሳብ ሠራተኛና ጣሪያ ላይ የሚወጣውን አናጢ በአንድ ምድብ አታስመዝግቡ። ደመወዝ ዝቅ አድርጎ ማስመዝገብም ቁጠባ አይደለም። ሠራተኛው ሲጎዳ ካሳው በተመዘገበው ይሰላል፣ ልዩነቱን የሚጠየቀው አሠሪው ነው። ኢንሹራንሱን ስትገዙ ጊዜያዊና የቀን ሠራተኞች፣ እንዲሁም የንዑስ ተቋራጩ ሰዎች መካተታቸውን በጽሑፍ አስረጋግጡ።